እህቴ ናት ያልኩበት ቀን

ሰናይትዬ፣ የኔ ዓለም፣

ከሞትሽ ዓመት ከሦስት ሳምንት ሆነ። ከተለያየን ግን ዘጠኝ ዓመት አልፎናል፤ የትኛውን መለያየት ልቁጠር ብዬ ግራ ይገባኛል። በመጀመሪያው፣ አውቶቡስ ተራ ቆመሽ ነጠላሽን እያወዛወዝሽልኝ ነበር። በሁለተኛው፣ እኔ እዚህ ካልጋሪ፣ ፋልከንሪጅ የሚባለው ሰፈር፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ ነበርኩ። ሰዓቱን ኋላ ሳሰላው ነው የደረስኩበት፤ ነፍስሽ ስትወጣ እኔ ድስት እየፈገፈግኩ ነበር። ይኼ ከሁሉ ይቆጨኛል፣ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ደብዳቤዬ «ውድ እህቴ» ብሎ እንዳልጀመረ አይተሽ ይሆናል። በነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ጊዜ በሌላ ቃል ጀምሬልሽ አላውቅም። ፖስታውን ማን እንደሚከፍተው፣ ስልክሽን ማን እንደሚያየው አይታወቅማ። አገር ቤት ሁለት ሴቶች እንደኛ መዋደዳቸው ወህኒ ያስወርዳል፤ ከወህኒው በፊት ደግሞ ሰፈሩ አለ። ስለዚህ እኔ እህቴ እልሽ ነበር፣ አንቺም «እህትሽ ሰናይት» ብለሽ ትፈርሚ ነበር። አሁን ደብዳቤውን የሚከፍትብን የለም።

የቤቱን ወሬ ልንገርሽ፣ አንቺ መጀመሪያ የምትጠይቂው እሱን ነው። ያው ታውንሃውሱ ውስጥ ነኝ። የሰፋሽልኝ መጋረጃም እንዳለ ነው። የመስኮቱን ቁመት ስትጠይቂኝ እኔ በኢንች ለክቼ ስልሳ አልኩሽ፣ አንቺ በሴንቲሜትር ስልሳ ቆርጠሽ ሰፋሽው። በሰው እጅ ደርሶኝ ስሰቅለው የመስኮቱን ግማሽ እንኳ አልሸፈነም፤ ጉርድ ቀሚስ ለብሶ የቆመ ሰው ይመስላል። ፎቶውን ስልክልሽ ስቀሽ ስቀሽ ትንፋሽ አጠረሽ፣ እኔም በድንጋጤ ስልኩን ልጥለው ነበር። እንግዳ ሁሉ ለምን አትቀይሪውም ይለኛል። አልቀይረውም።

ሥራ እንዳጣሁ ታውቂያለሽ፤ ያላወቅሽው እስካሁን ደህና ሥራ እንዳላገኘሁ ነው። የነዳጁ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ ዳውንታውን፣ መሃል ከተማው፣ ሰው ሳስቷል። የማጸዳው ፎቅ ላይ የነበሩት ሠራተኞች አበባቸውን በካርቶን ታቅፈው፣ ከሕንጻ ወደ ሕንጻ በሚያሻግረው የመስታወት ድልድይ ሲወጡ በስልክ እነግርሽ ነበር። አንቺ ለሰዎቹ ሳይሆን ለአበባው አዘንሽ፣ ብርዱ ይገድለዋል አልሽ። የሚጸዳ ዴስክ ሲያልቅ የሚያጸዳም ሰው አለቀ፤ እኔም ሌይኦፍ ሆንኩ።

ቡትስሽ በሩ ሥር ነው። ቁጥር ሠላሳ ሰባት። እዚህ በገባሁበት ዓመት ገዝቼ ያስቀመጥኩት። «የማን ነው?» ሲሉኝ «የእህቴ፣ ልትመጣ ነው» እያልኩ ስንት ክረምት አለፈ። አንድ ቀን በረዶ ሳይረግጥ አረጀ።

ጎፋ ቤት ያከራዩን እትዬ ብርቄ ደህና ናቸው፣ አሁንም በየአስራ አምስት ቀኑ እንደዋወላለን። ልንከራያቸው የሄድን ቀን በመንገድ ላይ የተማከርነውን ውሸት ታስታውሻለሽ? አንቺ አስመራ ተወልደሽ ያደግሽ፣ እኔ የደሴ ልጅ። አንቺ ረጅም ቀጭን ጠይም፣ እኔ አጭር ቀይ ድንቡሽቡሽ። «እህትማማቾች ነን፣ በእናት» አልናቸው። እትዬ ብርቄ ከላይ እስከ ታች አዩንና «እናታችሁ መቼም እግራቸው አያርፍም ነበር» ብለው ቁልፉን ሰጡን። ሳምንት ሙሉ ሳቅንበት። ባለሱቁም አላመነንም፣ ጎረቤቶቹም አላመኑንም፤ ግን ማንም አልጠየቀን። እህት የሚለው ቃል ለዚህ ይመቻል። ታክሲ ውስጥ የማታውቂያትን ሴት «እህቴ፣ ጠጋ በይልኝ» ትያት የለ? እኛም ከሥሩ ተጠልለን አራት ዓመት ኖርን። አንቺ መኪናሽ ላይ ጎንበስ ብለሽ የሰው ቀሚስ ስትሰፊ፣ እኔ የቀሚሱን ቁልፍ ስተክል፣ እንደ ማንኛውም ቤት ስንጨቃጨቅና ስንታረቅ።

ደረጃ ስትወጪ ግማሹ ላይ ቆመሽ ትተነፍሺ ነበር። የልብሽ በር ከልጅነትሽ ጀምሮ በደንብ አይዘጋም። ታማሚዋ አንቺ፣ የምትደነግጠው እኔ፣ የምታጽናናውም አንቺ ነበርሽ። ከኔ ጋር ትግርኛ ብዙ አታወሪም ነበር፤ ስደነግጥ ግን አይዞሽ የሚለው አማርኛ አይበቃሽም። «ኣጆኺ» ትይኛለሽ። እጅሽን ጀርባዬ ላይ አድርገሽ፣ ኣጆኺ።

ወንድሜ ነገራችንን ደርሶበት ሊገድለኝ ሲዝት በሞያሌ አድርጌ ናይሮቢ መግባት ነበረብኝ። ልብሽ ያን መንገድ እንደማይችለው ሁለታችንም እናውቅ ነበር። «ሂጂና ሳቢኝ» አልሽኝ። እንደ ቀላል ነገር፣ ውኃ ከጉድጓድ እንደሚሳብ። እኔም እስብሻለሁ ብዬ ማልኩልሽ።

አሁን የምጽፈውን በስልክ አስር ጊዜ ነግሬሻለሁ፣ አስር ጊዜም ይቅር ብለሽኛል። እኔ ግን ራሴን ይቅር አላልኩም። ናይሮቢ ለካናዳ ኢንተርቪው የቀረብኩ ቀን ከኦፊሰሯ አጠገብ አስተርጓሚ ተቀምጦ ነበር። የኛ ሰው ነው፤ አንገቱ ላይ ማተብ አለ፣ ፊቱ አጎቴን ይመስላል። ለምን ተሰደድሽ ስባል ወንድሜ ሊገድለኝ ነው አልኩ። በምን ምክንያት ሲሉኝ ያለ ፈቃዴ ሊድረኝ ብሎ አልኩ። ግማሽ እውነት ነው፣ እሱንም አስቦ ነበር። ከዚያ አዲስ አበባ ከማን ጋር ትኖሪ ነበር ተባልኩ። ከሰናይት ጋር አልኩ። አስተርጓሚው ቀና ብሎ አየኝና «ምንሽ ናት?» አለኝ።

ባለቤቴ ልል አፌን ከፈትኩ። ባለቤት የሚለው ቃል ደግ ነው፣ ወንድ ይሁን ሴት አይናገርም፤ «ናት» ሲከተለው ግን ጉዱ ይወጣል። ያ ሰውዬ ለማን እንደሚያወራው፣ የተጠጋሁበት የሐበሻ ሰፈር በነገታው ምን እንደሚያደርገኝ ታየኝ። «እህቴ ናት» አልኩ። እንደ ልማዴ። እሱም ወደ ኦፊሰሯ ዞሮ «ሲስተር» አለ። የእንግሊዝኛዋ ሲስተር እንደኛዋ እህት ሰፊ አይደለችም፣ የእናት ወይ የአባት ልጅ ናት። ኦፊሰሯ ጻፈችው፣ እኔም ከሥሩ ፈረምኩ።

ካልጋሪ ገብቼ ሳይ እዚህ አገር ሁለት ሴቶች ይጋባሉ። ፈርመው ይወጣሉ፣ ዞሮ የሚያያቸው የለም። ሲጋቡ ያየሁ ቀን ደስታዬን ልነግርሽ ስልክ ላይ ጮህኩብሽ። ምን ያደርጋል። ለመጋባት መግባት አለብሽ፤ ለመግባት ደግሞ መጋባት አለብን። ለጉብኝት ቪዛ ስትጠይቂ ከገባች አትወጣም አሉ። በሌላ አገር ተገናኝተን እንዳንጋባ አንቺ ኤርትራዊት ስደተኛ ነሽ፣ ፓስፖርት የሚሰጥሽ መንግሥት የለሽም። ስፖንሰር ላደርግሽ ማመልከቻ ሳስገባ አብራችሁ መኖራችሁን አሳዩ አሉን፤ የኪራይ ውላችን እትዬ ብርቄ አፍ ላይ ነው ያለው። ፎቶ አምጡ አሉን፤ ተቃቅፈን የተነሳነው አንድም የለም፣ መሃላችን ሁሌ ሌላ ሰው የሚቆምበት ክፍተት አለ። ደብዳቤ አምጡ አሉን። ደብዳቤማ ሞልቶናል ብዬ ደስ አለኝ። ካርቶኑን ሙሉ አስተረጎምኩት። እያንዳንዱ «ዲር ሲስተር» ብሎ ይጀምራል፣ «ዩር ሲስተር» ብሎ ያልቃል።

መልሱ ሁለት ገጽ ነበር። ናይሮቢ ላይ እህቴ ናት ብለሻል፣ ደብዳቤዎቻችሁም እህት ይላሉ፣ እህት በዚህ መንገድ አትመጣም ይላል። ወይ ያኔ ዋሽተሻል ወይ አሁን ነው ነገሩ። ደብዳቤውን ይዤ ባቡር ውስጥ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ መውረጃዬን አለፍኩ። ጎፋ ላይ አንድ ሰው እንኳ ያላመነንን ውሸት ካናዳ አመነን።

ጉዳያችንን የያዘችው ጠበቃ ተስፋ አልቆረጠችም። ሂጂ፣ ጥቂት ወራት አብረሻት ቆዪ፣ እትዬ ብርቄን የመሰለ ምስክር ይዘሽ ተመለሺ፣ እንደገና እናስገባለን አለችኝ። የወንድሜን ፍርሃት ዋጥ አድርጌ እረፍት ጠየቅኩ፣ ቲኬትም ቆረጥኩ። ሌይኦፍ የሆንኩት በዚያው ሳምንት ነው። ሥራ ሳልይዝ ብሄድ ደግሞ መቆሚያ የላትም ብለው ይጥሉብናል ብዬ ፈራሁ። ሥራ ላግኝና እመጣለሁ አልኩሽ። «ችግር የለም፣ ኣጆኺ» አልሽኝ። ድምፅሽ በመሃል ይቆረጥ ነበር፤ እኔ ኔትወርኩ መስሎኝ «ሄሎ፣ ሄሎ» እል ነበር። ለካ ኔትወርክ አልነበረም፣ ትንፋሽሽ ነው።

ከዚያ ወር አልሞላም። ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ፤ ስድስት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በረዶው ላይ ቆመዋል። እትዬ ብርቄ ናቸው ብቻዋን እንዳትሰማ ብለው ለቤተ ክርስቲያን ሴቶች ያስደወሉት። መርዶ መሆኑ ገባኝ፣ ማን እንደሞተም ገባኝ፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ። ሦስት ቀን ቤቴ ሰው ሞላ። እህል እንድቀምስ ለመኑኝ፣ ፊቴን አጠቡኝ፣ አብረውኝ አለቀሱ። እህት መቼም እናት ናት አሉኝ። አንዷ ደግሞ እኔን ለማጽናናት ብላ «ባል እንኳ ይተካል፣ እህት ግን አትተካም» አለች።

ያኔ ልናገር ነበር ሰናይትዬ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዙሪያዬን አየሁና እውነቱን ቢያውቁ ስንቶቹ ነጠላቸውን አንስተው ይወጣሉ ብዬ አሰብኩ። ያ ያጠፋን ቃል ነው ለቅሶ ያስቀመጠኝ። ብቻዬን ላለቅስሽ አቅም አልነበረኝም። እህቴን፣ እህቴን እያልኩ ደረቴን መታሁ፤ ሬሳሽ ከጎፋው ቤት ወጥቶ እንኳ እኔ ካድኩሽ።

ባለፈው ሳምንት ታክስ ላስሞላ ጋሼ ተስፋይ ዘንድ ሄድኩ። አታውቂያቸውም። ኤሪን ውድስ የሚባል ሰፈር፣ ቤታቸው ቤዝመንት ውስጥ ለሐበሻው ሁሉ ታክስ የሚሞሉ ሽማግሌ ናቸው። የአስመራ ሰው ናቸው፣ በንጉሡ ዘመን በአማርኛ የተማሩ፤ አማርኛቸው ከኔ ይበልጣል። አድራሻዬን ጠይቀውኝ ጻፉና ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ «ያው እንደ አምናው ሲንግል ነሽ አይደል?» አሉ። ደግሞ ፎርም። ደግሞ በኔና በፎርሙ መሃል የኛ ሰው ተቀምጦ ይጠይቀኛል።

«አይደለሁም ጋሼ፣ ሞታብኛለች» አልኩ።

ሞቶብኛል ብል ያልፍ ነበር። ግሱን ወንድ ባደርገው ማን ይመረምረኝ ነበር? እሳቸውም አልገባቸውም። «እህትሽንማ ሰምቻለሁ፣ ነፍስ ይማር፤ እኔ የምጠይቅሽ ስለ ትዳር ነው» አሉኝ። እሷን ነው የምልዎት፣ እህቴ አልነበረችም አልኳቸው።

ካፖርቴን ጉልበቴ ላይ ጨብጬ ውጪልኝ እስኪሉኝ ጠበቅኩ። አብራችሁ ኖራችኋል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አራት ዓመት፣ አዲስ አበባ አልኩ። እዚህስ አሉኝ። እዚህ አልገባችም አልኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ሕጉ አይቀበለውም፣ ሲንግል ነው የምለው አሉኝ። ልክ ናቸው፣ አልተቀየምኳቸውም። ፈርሜ ወጣሁ። ደረጃውን ስጀምር ከኋላዬ ስሟ ማን ነበር አሉ። ሰናይት አልኩ። የኛ ልጅ ናት አሉ። አዎ፣ አስመራ ነው የተወለደችው አልኩ። ያን የሚያምር አማርኛቸውን ተዉት።

«ኣጆኺ ጓለይ» አሉኝ። አይዞሽ ልጄ።

ግማሹ ደረጃ ላይ፣ አንቺ ለመተንፈስ የምትቆሚበት ላይ ተቀመጥኩ። ዓመት ሙሉ እህቴን ሳለቅስ ከርሜአለሁ፤ ያን ቀን አንቺን አለቀስኩሽ። ጋሼ ተስፋይ ወደኔ አልመጡም፣ አላባበሉኝምም፤ ከታች መብራቱን ሳያጠፉ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ለሰው ይናገሩ እንደሆነ አላውቅም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ዓይን ይበዛብኝ ይሆናል። ቢሆንም እሄዳለሁ፣ ስምሽንም ለጸሎት አስጠራለሁ።

እስብሻለሁ ብዬ ምዬ አልሳብኩሽም፤ ስለዚህ ትልቅ መሐላ አልደግምልሽም። ትንሿን ብቻ። መጋረጃሽን አላወርድም። ቡትስሽን ከበሩ ሥር አላነሳም፤ የማን ነው ላለኝ ሁሉ፣ የባለቤቴ ነው እላለሁ፣ ስሟ ሰናይት ነበር፣ የአስመራ ልጅ፣ ቀሚስ ትሰፋ ነበር፣ እላለሁ።

ባለቤትሽ፣
ፋናዬ