መስኮቱ ሥር ያለው ሳፋ

ወንድምዬ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? የባቱ ሙቀትስ? ያ ሳልህ ለቀቀህ? እኔ አልሐምዱሊላህ በእግሬ ቆሜ አለሁ። ልጄ ሱንዱስም ደህና ናት፤ አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው እያለች ትነዘንዘኛለች። ትናንት ደጋግመህ ስትደውል ያላነሳሁት ተቀይሜህ አይደለም። ድምፄን እንድትሰማው አልፈለግሁም። ነገሩም ከመጀመሪያው ቢነገር ይሻላል ብዬ ወረቀት አነሳሁ።

ስለዚያ ስለላክልን አበባ፣ ስለ ኦርኪድህ ነው።

ከአባባ ጋር ተጣልታችሁ ሱቁን ጥለህ ስትወጣ ያልከውን አልረሳሁም። አባባ ራሱ ካልጠራኝ ይህን ደጃፍ አልረግጥም ብለህ ማልክ። እሱም የሸማ ነጋዴ ልጅ ባቱ ወርዶ የአበባ እርሻ አጠጪ ሆኖ ከማይ አልጠራውም አለ። ያው ድርቅናችሁ አንድ ነው፤ እኔ መሃል ቤት ቀረሁ። በኋላ ኦርኪዱን ከነአየር እርጥበት መለኪያው ስትልክልን አባባ አዙሮ አዙሮ አየውና፣ አፈር የለው፣ ሥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ቁርጥ ላኪውን ይመስላል አለ። በሳቅ ፈረስኩ።

የጻፍክልኝን መመሪያ ቃል በቃል ነበር የተከተልኩት። መለኪያው ከሃምሳ በታች እንዳይወርድ፣ ትሪ ላይ ጠጠር አንጥፈሽ ውሃ ጨምሪበት፣ ሥሩ ግን ውሃውን እንዳይነካ፣ አለዚያ ይበሰብሳል ብለኸኝ ነበር። አባባ ማታ ማታ፣ እስቲ ያንን ወረቀት አንብቢልኝና ልሳቅ ይለኛል። አነብለታለሁ፤ ይስቃል። በየዓመቱ ሲያብብም በትሪዬ እየኮራሁ ፎቶ እልክልህ ነበር።

ኦርኪዱ በመጣ ሰሞን አባባ ግቢ ቧንቧ ላይ ውዱእ ማድረጉን ተወ። ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ሳፋውን ፎቅ አወጣና መስኮቱ ሥር፣ ኦርኪድህ አጠገብ አስቀመጠው። ለአምስቱም ሰላት በማንቆርቆሪያ እየቀዳ እዚያ ይታጠባል። ሳፋው ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ቶሎ አይደፋም፤ እግሩን ያደረቀበትን ፎጣ እርጥቡን ወንበሩ ላይ ዘርግቶ ይሄዳል። ውሃው በጣውላው መሃል እየሰረገ ታች ሱቅ ውስጥ የተደረደረው ጋቢ ላይ ሲንጠባጠብ ስንቴ ጮህኩበት መሰለህ! አንድ ቀን፣ ጉልበትህን ካመመህ ውሃ ተሸክመህ ደረጃውን እንዴት ትወጣዋለህ አልኩት። ማንቆርቆሪያውን አንስቶ ሊቀዳ ወረደ።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ሳንባው ደከመ። ሐኪሙ ውሃ እንዳይነካ ከለከለው። ጎረቤታችን ጋሼ ሙነወር ንጹህ አፈር በሳህን አመጡለትና አልጋው ላይ ሆኖ በተየሙም፣ በአፈሩ ፊቱንና እጁን እያበሰ መስገድ ጀመረ። ሳፋውን ወዲያው ግቢ አውርጄ ደፋሁት። አልዋሽህም፣ ጋቢው ዳነልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ሰግዶ ሲጨርስ ወደ መስኮቱ እያየ፣ አበባው ሲከፈት ላኪውን ጥሪልኝ፣ መጥቶ ይየው አለኝ። ስምህን አላነሳም። ግን ጠራህ! ያኔውኑ መደወል ነበረብኝ። እኔ ደግሞ፣ ሲከፈት ነው ያለው አልኩ። ሳይከፈት ብደውል እሱ ይቆጣኛል፣ አንተም የጠራሽኝ አንቺ ነሽ እንጂ እሱ አይደለም ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ። እምቡጦቹ ወጥተው ስለነበር የጥቂት ቀን ነገር መሰለኝ።

የበጋው አየር ግን አልጠበቀኝም። ቆርቆሮው ሲግል መለኪያው ሠላሳ ወረደ፤ እምቡጦቹም እየጠወለጉ ይረግፉ ጀመር። ምን አለሽ ተራ ወርጄ ሰፊ የቆርቆሮ ትሪ አሠራሁ። ቀጥቃጩ አበራ፣ ለዶሮ ማጠጫ ነው? አለኝ፤ ለአበባ ነው ስለው መዶሻውን አስቀምጦ አየኝ። ትሪውን ጠጠርና ውሃ ሞላሁት፣ ከሱቅ ነጠላ እያወጣሁ አርጥቤ በመስኮቱ ዙሪያ ሰቀልኩ። መለኪያው ጠዋት ትንሽ ከፍ ይልና ፀሐይ ስትበረታ ተመልሶ ይወርዳል። በመጨረሻ አንድ እምቡጥ ብቻ ቀረ። አባባ ላይ ታች ስል ሲያየኝ ሰንብቶ፣ በዚያ በደከመ ድምፁ፣ ትሪሽን ተዪው፣ ሳፋዬን መልሺለት አለኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጉልበቱን አሞት አያውቅም። እነዚያን ዓመታት ሁሉ የዚያን ጥግ አየር ሲያረጥብልህ የኖረው እሱ ነው። ወረቀትህን ያስነበበኝም ለሳቅ አልነበረም። ሳፋውን ሞልቼ መለስኩ፣ ፎጣውን አርጥቤ ወንበሩ ላይ ዘረጋሁ፣ ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ያኔም አልደወልኩልህም። ነገ ትከፈታለች ብዬ። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፣ ወንድሜ።

አሁን ቤታችን ሰው በሰው ሆኗል። የሸማ ተራ ነጋዴ ሁሉ መጥቷል፤ ከወራቤም ዘመዶቻችን ገብተዋል። ሻዩ ከእሳት አይወርድም። ወንዶቹ የግቢው ቧንቧ አልበቃ ብሏቸው ለሰላት ሲነሱ እየተፈራረቁ በአባባ ሳፋ ይታጠባሉ። ጣውላው ርሷል፣ ጋቢው ላይ ይንጠባጠባል፤ ማንንም አልተቆጣሁም። መለኪያህ ሰባን አለፈ፤ እዚህ ደርሶ አያውቅም። የቀረችው እምቡጥ ዛሬ ተከፈተች። ነጭ ናት፤ መሃሏ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ አላት።

እንግዲህ አባባ እንዳለኝ ጠርቼሃለሁ። ጥሪው የእሱ ነው፤ መሐላህን አላፈረስክም። ማልደው የመጡብህ ጋሼ ሙነወርና ሁለቱ ሽማግሌዎች ይህን አንብበህ እስክትጨርስ እንዲጠብቁህ ለምኛቸዋለሁ። ቀና ስትል የሚሉህን ቁጭ ብለህ ስማ። መኪና ራስህ እንዳትነዳ፤ ከእነሱ ጋር ና።

አላህ መንገዱን ያቅናልህ፣ ለአንተም ለእኔም ጉልበት ይስጠን። ሳፋውን አልደፋሁትም። ስትደርስ ውዱእህን እዚያ አድርግ።

ታናሽ እህትህ