ዱቄት የለበሰው ከረሜላ

ሰኞ፣ ሐምሌ 12

ሆዴ ዛሬም ተነፋ። ጎንደር ያለው ኩባዊ ሐኪም "ስንዴና ገብስ እንዳትቀምሺ" ካለኝ ወዲህ ስድስት ወር ሙሉ ደህና ነበርኩ። እንጀራዬ ጤፍ ብቻ። ወፍሬ ቀሚሴ ሁሉ ጠቦኝ ነበር፣ ደስ ሲለኝ። ታዲያ አሁን ምን ነካኝ? ሰሞኑን አዲስ ነገር ብጀምር ከረሜላ ነው፤ ከሐጂ ሱቅ ገዝቼ በቀን አምስት ብመጥጥ ነው (እሺ፣ ስምንት)። ከረሜላ ደግሞ ስኳር እንጂ ስንዴ አይደል።

አማቴ እማማ ጥሩነሽ ደስ ብሏቸዋል። ስለታመምኩ አይደለም፣ ሐኪሙ ስለተሳሳተ። "ዳቦ ሳትበዪም ካመመሽ ገብሱ ምን አጠፋ? እሑድ እንደገና ጠበል ትጠመቂያለሽ፣ ከዚያ ዳቦሽን እንደ ሰው ትበያለሽ" አሉኝ። ባለቤቴ ዝም አለ። ዝም ካለ ከእናቱ ጋር ነው።

ማክሰኞ፣ 13

ለሙከራ ከረሜላ ተውኩ። ሌላ ጣፋጭ ፈለግሁ። ማር፦ አልቋል። ሸንኮራ፦ ከቆላ የሚያመጡት ሴቶች በዚህ ዝናብ አልወጡም። ስኳር፦ የቀበሌው ሱቅ ተራዬ ገና ነው። የቀበሌው ስብሰባ ላይ ሊቀ መንበሩ ሲናገር ከረሜላ ሳስብ ቆየሁ። እጅ አውጡ ሲባል አወጣሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ረቡዕ፣ 14

ሆዴ ቀለለኝ። ጥፋቱ የከረሜላው ነው ማለት ነው።

ሐጂ ጋ ሄድኩ። "ከረሜላዎ ውስጥ ምን አለበት?" ብላቸው "ስኳር ነዋ እቴ" እያሉ ጣሳውን ከፈቱና አንድ እፍኝ ነጭ ዱቄት ነሰነሱበት።

"ይሄስ?"

"ክረምት አይደል? ያለ ዱቄት ይጣበቃል።"

"የምን ዱቄት?"

ቅር አላቸው። "የፉርኖ ነዋ፣ ነጩ የስንዴ። ለደንበኛ ተራ ነገር የምነሰንስ መስሎሽ ነው?"

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ነገሩን ሳስረዳቸው "በስንዴ አገር ተወልዶ ስንዴ የማይስማማው ጋይንቴ ዛሬ ገና አየሁ" አሉ። ቢሆንም ገና ያልተከፈተ ከረጢት አውጥተው ዱቄት ያልነካውን ሰጡኝ።

ሐሙስ፣ 15

ከረሜላው ተጣብቆ አንድ ድንጋይ ሆኗል። በዘነዘና ሰበርኩትና ስምንቱን በእማማ ፊት መጠጥኩ። ሊገነፍል የደረሰ ድስት ይመስል ቀኑን ሙሉ ሆዴን ሲጠብቁ ዋሉ። ሆዴ ከተነፋ ዳቦው እንደማይቀርልኝ አውቄዋለሁ። እቀልዳለሁ እንጂ ፈርቼ ነበር።

ዓርብ፣ 16

አልተነፋም። ጭራሽ ምንም የለም። ባለቤቴ እፎይ አለ። እማማ ግን "ያን ጊዜ፣ ሐኪሙ ጋ ሳትሄጂ፣ የተጠመቅሽው ጠበል ነው አሁን የሠራልሽ" አሉ። ይሁን አልኩ።

የእሑዱን አላነሱትም። ከሰዓት ቆሎ ሲቆሉ ግን አየኋቸው። የቤተሰቡን ገብስ ቆልተው አወጡና ብረት ምጣዱን በውኃ አጠቡ፣ ደግመው አጠቡ። ከዚያ ሽምብራ ለብቻው ቆልተው ፊቴ አስቀመጡልኝ። ምንም አላሉም። እኔም ምንም አላልኩም፤ ዝም ማለት ለእኔ ምን ያህል እንደሚከብደኝ እግዜር ያውቃል።