በሚስማር የተመታችው መርከብ

ቴዎድሮስ፣

ቡሬ ሄጃለሁ። ውሃ ማክሰኞ ይመጣል፤ ጀሪካኖቹን ሙላ። አከራያችን እትዬ ሰብለ የግቢው በር ክፍት እንዳይተው ብለዋል።

የጥንቱ የቀይ ባሕር መርከብ በገመድ ይሰፋል እንጂ ሚስማር አይነካውም ብዬህ ነበር። "እና እንዴት አይሰምጥም?" ብለህ ሳቅክ። ያቺን መርከብ በሃምሳ እጥፍ አሳንሼ ሰባት ወር ስሰፋ ከረምኩ። አንተ ግን ትንሳፈፍ እንደሆነ ለማየት ላህ ወንዝ ወሰድካት። ስፌቷ ሲላላ አስራ አንድ ሚስማር መታህባትና "አጠነከርኩልህ" አልከኝ።

ክፍሌን ሳልቆልፍ መሄዴ የኔ ጥፋት ነው።
የቀረው ያንተ ነው።

ሚስማሮቹን ነቅያለሁ። መርፌና ክሩ ከመርከቧ ጋር ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ሰፍተህ ሳትጨርስ እንዳትደውልልኝ።

ስመኘው