ሦስት ነፃ ወረቀት

ሰኞ

ከቫይረሱ ነፃ ነሽ አለችኝ። ሦስተኛዋ ነርስ ነች። እንደ ሁለቱ ሁሉ ይቺም ወረቀቱን ገፋ አድርጋልኝ ቀጣዩን ተረኛ መጥራት ጀመረች። "እርግጠኛ ነሽ?" አልኳት። "እህቴ፣ የዛሬ ዓመት ተኩል ከነበረ ነገር እስካሁን የሚደበቅ የለም። ሂጂና ሠርግሽን አስቢ።" ደረጃው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አየሁት። ሶስና ይላል። ሶስና እኔ አይደለሁም።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ፒያሳ ወርቅ ቤት ባንኮኒ ላይ ስድስት ዓመት ቆሜ የማያውቀኝ የለም። ግማሹን ሰፈር ቀለበት ለክቼዋለሁ። ስለዚህ በየክሊኒኩ ስም ቀየርኩ። አንዱ ጋ አስካለ፣ አንዱ ጋ ምሕረት፣ ዛሬ ሶስና። አስካለ ነፃ ናት፣ ምሕረት ነፃ ናት፣ ሶስናም እንኳን ደስ ያላት። ራሔልን ግን እስካሁን ማንም ነፃ ነሽ አላላትም። ደሙ የኔ መሆኑን አውቃለሁ፣ ጅል አይደለሁም። ልቤ ነው እንቢ ያለው።

ማክሰኞ

ሁሉም የመጣው ሚኪን ካየሁት ወዲህ ነው። ከእጮኛዬ ከናቲ በፊት አብሮኝ የነበረው፣ የዛሬ ዓመት ተኩል የተለየሁት ሚኪ። ባለፈው ወር በሱቃችን በር ሲያልፍ ጉንጩ ገብቶ፣ ሱሪው በቀበቶ ብቻ ቆሞ አየሁት። ዛሬ ጨክኜ ደወልኩለት። አሞህ ነበር ወይ አልኩት። ሳቀ። "ምነው፣ ፈራሽ?" ንገረኝ ብዬ ለመንኩት። እኔ! ያንን ሰው! "ትተሽኝ ስትሄጂ ደህና ነህ ወይ አላልሽኝም። አሁን ራስሽ ድረሺበት" ብሎ ዘጋው። ውሻ።

ምሳ ሰዓት በሱቁ መስታወት ምላሴን አውጥቼ ስመረምር ደንበኛ ገባችብኝ። የጆሮ ጌጥ ልትጠይቅ የመጣች ሴትዮ፣ ሳትጠይቅ ወጣች።

ረቡዕ

ዛሬ ራሴ ላይ ያገኘሁት ምልክት፦
አንገቴ ሥር እብጠት። (ከልጅነቴ ጀምሮ ያለች ናት።)
ላብ። (ሙቀት ነው።)
ክብደት፦ ሁለት ኪሎ ጨምሬያለሁ። ይሄ እንኳን ደግ ነው፣ ቬሎው ግን አልዘጋ ብሏል።

ደብሩ የሁለታችንንም የምርመራ ወረቀት እስከ ሰኞ አምጡ ብሏል፣ ያለዚያ አያጋባንም። ቅዳሜ አብረን እንሂድ አልኩት ናቲን። "አንቺ ሂጂ፣ እኔ ምን አለብኝ?" አለ እየሳቀ። እውነቱን ነው፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነው። አብሬው ሳቅሁ።

ሐሙስ

አለቀልኝ።

ወረቀቶቹን የደበቅኩት የጥሪ ካርዶቹ ካርቶን ሥር ነበር። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ናቲ ቤት መጥቶ፣ ከእናቱ ጋር ሆኖ የተጋባዥ ስም ሊጽፍበት ካርቶኑን ይዞ ሄደ። አንስታ የሰጠችው እህቴ ናት፣ ምን ታውቃለች።

ከሥራ ስወጣ እናቱ እትዬ ዘነበች የሱቁ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሦስቱን ወረቀት ዘረጉልኝ። "እነዚህ ሴቶች እነማን ናቸው?" አሉኝ።
"እኔ ነኝ፣ እትዬ።"
"ሦስቱም?"
"ሦስቱም።"
ቀስ ብለው አጣጠፉት። "ልጄ፣ የራስሽ ደም ቢያኮራሽ ኖሮ የሰው ወረቀት ባልለቀምሽ።"

ለካ እንዲህ ነው የሚነበበው። ታማ፣ የጤነኛ ሴቶች ወረቀት ለቃቅማ፣ ልጃቸውን ልታታልል የተነሳች። እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን እንደዚያ ነበር የማስበው። አስፋልቱ ላይ አለቀስኩ፣ ሰው እያየኝ።

ዓርብ

ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ፈርሶ ጎረቤቱ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። ወሬው ግን አልተበተነም፣ የቴሌግራም ግሩፕ አለው። ጠዋት አንዷ "ለእህታችን ለራሔል ጸልዩላት" ብላ ጻፈች። ግሩፑ ሙሉ አሜን አለ። የእህቴም አሜን አለበት፣ ምን እንደሆነ እንኳን ሳትጠይቅ።

ማታ ናቲ ደወለ። "እኔ አምንሻለሁ" አለ። "ግን ነገ እማዬ ባለችበት ተመርመሪ። በመታወቂያሽ።"

ቅዳሜ

ሄድን። ነርሷ ስሜን እስከ አባቴ ስም ጮክ ብላ ጠራች። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ኤችአይቪ፣ የጉበት፣ ቂጥኝ፣ ሁሉም ነፃ። ራሔል ነፃ! እትዬ ዘነበች ወረቀቱን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አንስተው አገላብጠው አዩት።

"ቀጣይ ናትናኤል" አለች ነርሷ።

ናቲ ተነሳ። እጅጌውን ጠቀለለ። መልሶ አወረደው። "ስልክ ላንሳ" ብሎ ወጣ። ስልኩ አልጮኸም ነበር። ሃያ ደቂቃ ጠበቅን፣ ነርሷ ሁለቴ ጠራችው። እናቱ ዓይኔን ሸሹ። "ልጄ ከድሮም መርፌ ይፈራል" አሉ።

እሑድ

ሠርጉ ቀርቷል። የነገሩኝ እትዬ ዘነበች ናቸው፣ በስልክ። ልጃቸውን ለበሽታ አይድሩም። "ወረቀቴን አይተውታል እኮ!" አልኳቸው። "ወረቀትማ ሦስትም ነበረሽ" ብለው ዘጉት። ግሩፑ ላይ አሁን ጸሎቱ ለናቲ ሆኗል። እግዜር አተረፈው እየተባለ ነው።

ወረቀቴን ደጋግሜ አነበብኩት። በገዛ ስሜ ነው። አመንኩ። የፈለጉትን ይበሉኝ፣ ነፃ ነኝ። ጠዋቱን ሙሉ በዚህ ኖርኩ።

ከዚያ የትናንቷ ነርስ ጥያቄ ትዝ አለኝ። በቅርብ ጊዜ ግንኙነት ነበረሽ? የለም ነበር ያልኳት። አራቱም ጠይቀውኛል፣ ለአራቱም የለም ብያለሁ። ሚኪን እያሰብኩ ነዋ። ናቲን ቆጥሬው አላውቅም፣ እጮኛዬ ነው። መጨረሻ የተኛነው የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው።

ክሊኒኩ ደወልኩ። የቅርብ ጊዜ ከሆነ ደም ላይ ቶሎ አይታይም፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ቆጥረሽ ተመለሺ አለችኝ ነርሷ። ቶሎ ማወቂያ የለውም ወይ አልኳት።

"አለው እንጂ። እሱን አምጪውና ይመርመር።"

ናቲ ጋ አሥር ጊዜ ደውያለሁ። ስልኩ ዝግ ነው።