የዶሮዎቹ ሻይ

ሰኞ፣ የካቲት 3
ጠዋት እንቁላል ለቀምኩ። የተሰበረም አለበት። ውሃ ቀየርኩ፣ መኖ ጨመርኩ፣ ወጣሁ። እንደ ሁልጊዜው።
ዶሮዬ ጉትዬ ዛሬም መኖ ገንዳው ሥር ተደብቃለች። ሌሎቹ ጀርባዋን ነጭተው ነጭተው ላባ የሚባል አልተረፋትም። ሬት ቀባኋት... ዝም ብላ ተቀባች። እኔም ብሆን ዝም ነበር የምለው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4
እንዲህ የሆኑት አክስቴ አምፖል ከጨመረች ወዲህ ነው። "ብርሃን ካልጠፋባቸው እንቁላል ያዘንባሉ" ብሏት የሆነ ሰው፣ የዶሮ ቤቱ ሌሊቱም ቀን ሆነ። መጀመሪያ እውነትም ዘነበ። አሁን እርስ በርስ እየተበላሉ ነው። አንዷ ክንፏን ብታራግፍ ሁሉም ይደነብራሉ።
አክስቴ መሯታል። "በቃኝ! የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነጋዴው ይምጣና ጠራርጎ ለሥጋ ይውሰዳቸው!"
ሁሉንም? ጉትዬንም? አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት።

ሐሙስ፣ የካቲት 6
የአክስቴ ባል ጋሼ የእንስሳት ሐኪም ይዘው መጡ። ወጣት ሴት ናት። አክስቴን ትታ እኔን ጠየቀችኝ።
"መቼ መቼ ይተኛሉ?"
እግሬን አየሁ። "...አይተኙም።"
"አንቺስ እንቅልፍ ብትከለከዪ ሰው አትነክሺም?"
ሳቅኩ። እንግዳ ፊት! እኔ!
ያዘዘችው ሁለት ነገር ነው። ማታ መብራቱ ይጥፋ። የሎሚ ሳር ፈልቶ፣ በደንብ ቀዝቅዞ፣ በሚጠጡት ውሃ ይግባ። "ሻዩ ቢያረጋጋቸው ነው እንጂ እንቅልፍ አይሆንላቸውም" አለች።
አክስቴ ግማሹን ብቻ ሰማች። "ሻዩ ይሁን። መብራቴን ግን የሚነካ የለም።"

ዓርብ፣ የካቲት 7
ከአጥሩ ሥር የሎሚ ሳር አጭጄ አፈላሁ። ጋሼ ድስቱን ከፈት አድርገው አሸተቱ።
"ለወይዛዝርቱ ስኳር ስንት ነው? ለጉትዬ በዛ አድርጊላት፣ ተጎድታለች።"
አክስቴ "አንተ ደግሞ!" ብላ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ...

ሰኞ፣ የካቲት 10
ሻዩን ወደውታል። ጫጫታው ትንሽ ቀንሷል። መነካከሱ ግን አለ።
ማታ ስገባ አንድ ነገር አየሁ። ጥግ ላይ ያለው አምፖል ተቃጥሏል። እዚያ ያሉት አንገታቸውን ቀብረው ተኝተዋል። ጉትዬም እዚያ ናት፣ ማንም አልነካትም። አምፖሉ በሚበራበት በኩል ያሉት ግን ያው ናቸው።
ይሄን ለአክስቴ ማን ይንገራት? ከእኔ ሌላ ያየ የለም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11
ተናገርኩ!
ከእራት በኋላ "አክስቴ... ነይና ጥጉን እዪው" አልኳት።
"ምን ሆነ ደግሞ?"
"ሁሉም የጠጡት ያንኑ ሻይ ነው። የተኙት ጨለማ ያገኙት ብቻ ናቸው። እስከ ቅዳሜ ብቻ... እናጥፋው?"
አልተቆጣችም። መጣች። በሩ ላይ ቆማ ጉትዬን አየቻት፣ ብዙ አየቻት።
"እኔም እንቅልፍ ካጣሁ ክፉ ነኝ እኮ" አለች።
ጋሼ ከኋላ "ምስክር ካስፈለገ አለሁ!"
"ዝም በል አንተ!" አለችና ራሷ አጠፋችው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15
ነጋዴው ባዶ ቅርጫቶቹን ይዞ መጣ። በሩ ሥር ተለጥፌ ሰማሁ።
"በከንቱ አደከምኩህ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ" አለችው አክስቴ። "ዶሮዎቼ አመላቸውን ትተዋል።"
ቅርጫቶቹን ባዶ ይዞ ሄደ። ጓሮ ገብቼ አለቀስኩ። የደስታ።

እሑድ፣ የካቲት 30
ጉትዬ ላባ አበቀለች። እንደ ጫማ ብሩሽ ቆሟል፣ ያስቃል። እንቁላሉ እንደ ያኔው አይዘንብም፣ ግን የተሰበረ የለም። ለሐኪሟ ትልልቆቹን መርጬ ላኩላት። ያኔ እኔን ባትጠይቀኝ ኖሮ...?
ዛሬ ጎረቤታችን መጣች። የእሷም ዶሮዎች እየተነካከሱ ነው። አክስቴ ከሥራዋ ቀና እንኳ ሳትል "ልጄን ጠይቂያት፣ እሷ ናት የምታውቀው" አለቻት።
ልጄን!
ነገርኳት። ሻዩን እንዴት እንደማፈላ፣ መብራቱ ለምን እንደሚጠፋ፣ ሁለቱ ካልተጣመሩ እንደማይሆን። "ግማሹን ብቻ አትስሚ" አልኳት። አክስቴ ሳቀች።
ጎረቤታችን ከሄደች በኋላ ነው የገባኝ... ያን ሁሉ ሳወራ እግሬን አላየሁም።
ተመስገን።