እማዬ የደፈነችው መስኮት

ነሐሴ 12፣ ሰሚት

ዛሬም ሲዘንብ ዋለ። ከሥራ ገብቼ በሩን ስከፍት የሻጋታው ሽታ ተቀበለኝ። ከልጄ ከማርታ አልጋ በላይ ያለው ግድግዳ እንደገና ጠቁሯል። ቅዳሜ በበረኪና ፈትጌው ነበር።

ሐኪሙ «የልጅሽን ሳል የሚያባብሰው እርጥበቱ ነው፤ መስኮት ክፈቱ» ብሎኛል። እማዬ ግን ልጄን ልትጠብቅልኝ ከመጣች ወዲህ መስኮት ተከፍቶ አያውቅም። ዛሬ ጭራሽ ክፍተቱን በአሮጌ ጨርቅ ጠቅጥቃ፣ ማርታን ብርድ ልብስ አከናንባ ባሕር ዛፍ ታጥናታለች። እንፋሎቱ በግድግዳው ላይ ውሃ ሆኖ ይወርዳል።

«እማዬ፣ ሐኪሙ ክፈቱ ብሏል እኮ።»

«እሱ ስንት ልጅ አሳድጓል? እናንተን ያሳደግኋችሁ ከብርድ ጠብቄ ነው።»

ምን ልበላት? እሷ ብትቀየመኝና ብትሄድ ልጄን ለማን ጥዬ ሥራ እገባለሁ?

ወደ ማድቤት ስትሄድ ጨርቁን ነቅዬ መስኮቱን ከፈትኩት። ቀዝቃዛ አየር ገባ። ማርታ ትንፋሿ ትንሽ ቀለል ያለላት መሰለኝ።

እማዬ ተመልሳ ስታይ አልተቆጣችም። መስኮቱን ዘጋች፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ክፍተቱን ደፈነችበት። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና ሰሞኑን የጀመራት ሳል ያጣድፋት ጀመር። ትንፋሿ ሲመለስ ቀና ብላ አየችኝ።

«ይኸው፣ በብርድ አስመታሽን» አለችኝ።