ጌታውን ይቀብራል የተባለው ውርንጭላ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለጋሼ ስንታየሁ፤

ከአንኮበር ብርድ ተነሥቶ ጅቡቲ ሙቀት ድረስ የሚዘልቅ ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ሀይማኖትና ሕፃኑስ እንዴት ከረሙ? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ቆመን እንሄዳለን። የስልኩ መስመር ከጠፋ ወር ስላለፈው ይህን ወረቀት የአልዩ አምባው ሐቢብ በመኪናው ያደርስልሃል።

ባዝራዋን ፈረስ አባዬና አጎታችን ወልደተንሣኤ በጋራ እንደገዟት ታውቃለህ። የአባዬ አርባ ሳይወጣ አጎቴ መጣና ውርንጭላዋን ለደብረ ብርሃን ጋሪ ነጂ ሊሸጠው መሆኑን ነገረን። የሁለት ዓመት አጥንት ጋሪ ሲጎትት ምን እንደሚሆን ዩኒቨርሲቲ ስለ እንስሳት ስማር አውቄዋለሁና እንቢ አልኩ። እሱም ሴት ልጅ ፈረስ ምን ያደርግላታል፣ ዲግሪዋን ትጫነው ብሎ ሰው አሳቀብኝ።

ነገሩን ለሽማግሌ ሰጠነው። እነ አቶ ገብረአብ ዋጋው ይገመትና የሌላውን ግማሽ የከፈለ ይውሰደው ብለው ፈረዱ። አጎቴ እጄ አጭር መሆኑን ስለሚያውቅ ዋጋው እንዲንርብኝ ውርንጭላውን ያሞግሰው ጀመር። እኔ እንደተማርኩት ሄድኩ። አፉን ከፍቼ የፊት ጥርሶቹ ገና የወተት መሆናቸውን አሳየሁ፣ ቁመቱንና ደረቱን በሜትር ለካሁ፣ እኩያው እነዋሪ ገበያ ላይ ሃያ ስምንት ሺህ እንዳወጣ ተናገርኩ። አጎቴ ለእንዲህ ያለ ዳማ ፈረስ አርባ ሺህም ሲያንሰው ነው አለ። ሽማግሌዎቹ ሠላሳ ስድስት ሺህ ላይ ሊቆሙ ሆነ። እኔ ያለኝ ዘጠኝ ሺህ ነው።

ያን ጊዜ ነው ያደረግኩትን ያደረግኩት። አባዬ ውርንጭላውን አንገቱ ላይ ቀይ የሱፍ ክር ያስርለት ነበር፤ ሰው ሁሉ ጌጥ ይመስለዋል። ከክሩ ሥር የጠጉር አዙሪት አለ። እዚያ ቦታ አዙሪት ያለው ፈረስ ጌታውን ይቀብራል ይባላል። አባዬ ለእኔ ብቻ አሳይቶኝ፣ ሰው ሰምቶ እንዳይጠላብኝ አፍሽን ያዢ ብሎኝ ነበር። ክሩን ሁሉም እያየ ፈታሁት። አቶ ገብረአብ በጣታቸው ዳሰሱትና እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። የአባዬን ስም ማንም አላነሣም፤ ማንሣትም አላስፈለገም። ሙሉ ዋጋው ወርዶ አሥራ ስምንት ሺህ ተባለ። አጎቴ ዘጠኝ ሺዬን ተቀብሎ ሳይቆጥረው ሄደ።

ውርንጭላው የእኔ ሆነ። ግን ጋሼ፣ አባዬን የገደለው ሳንባው እንደሆነ የሐኪሙን ወረቀት እያነበብኩ ለእማዬ ያስረዳሁት እኔ ነበርኩ። አሁን አትሰማኝም። እንጨት እየፈለጠች፣ አውቆ ነው የደበቀኝ እያለች የሞተ ባሏን ትቆጣለች። ጎረቤት በበረታችን በር ማለፍ ትቶ በታች በኩል ዞሮ ይወርዳል። ማክሰኞ ዕለት ሁለት ጊዜ ሳልኩ። እማዬ ወደ እኔ አላየችም፤ ወደ በረቱ አየች። እኔም ዞሬ አየሁ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አልመልሰውም። አጎቴ ነገ ቢመጣም ያንኑ አደርጋለሁ። አጥንቱ እስኪጠና አልቀመጥበትም እንጂ ለጥምቀት ግን ልጓሙን ይዤ በሰው መሐል አወርደዋለሁ፣ እየሳልኩም ቢሆን።

ሀይማኖትን እህትሽን ናፍቀሻታል በልልኝ። ሕፃኑን ሁለቱን ጉንጮቹን ሳምልኝ። አክስታችን ማኅደረማርያም ከነልጆቿ ሰላም ብላሃለች። እማዬ እንደ ዓይኔ ብርሃን ነህ ትልሃለች፤ ስለ ፈረሱ እንዳልጽፍልህ ለምናኝ ነበርና ለእሷ ስትጽፍ አታንሣው። ለእኔ ግን በሐቢብ እጅ ለብቻ መልስልኝ። አባዬ ስለ አዙሪቱ ለአንተም ነግሮህ ነበር? ነግሮህ ከሆነ እየሳቀ ነበር ወይስ ፈርቶ? ለእኔ ሲያሳየኝ ጀርባውን ሰጥቶኝ ስለነበር ፊቱን አላየሁትም።

እህትህ ትርሲት ሞገስ
አንኮበር፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.